የእግዜር እንግዳ፣ የማን እንጀራ?

«እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ» የሚለው ሐረግ ከቱሪዝም ፖስተር እስከ ሰርግ ቤት ንግግር ድረስ ሲደጋገም ስለኖረ ዛሬ ማንም ቆም ብሎ አይሰማውም። ሐረጉ ነገሩን የጠባይ ጉዳይ ያደርገዋል፤ እንደ መልክ አብሮን የተወለደ አስመስሎ ያወራዋል። እኔ ከሌላ በኩል ማየት እመርጣለሁ። በዚህ አገር መንገድ ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ነጋዴ፣ ተማሪ፣ መነኩሴ፣ ወታደር፣ ተሳላሚ፣ የራበው ስደተኛ ሲመላለስ ኖሯል። ከፍሎ የሚያድርበት ቤት አልነበረም። ያም ሆኖ ይህ ሁሉ ሰው የሆነ ቤት አድሯል፤ የሆነ ሰው እራቱን አብልቶታል። የማን ቤት? ከማን ጎተራ ተዝቆ? ወድዶ ነው ተገድዶ?

በደጋው አገር ሥርዓቱ ይታወቃል። ቀኑ የመሸበት መንገደኛ ከአጥሩ ውጭ ይቆማል። ዘው ብሎ አይገባም፤ አንደኛ ውሻ አለ፣ ሁለተኛ ነውር ነው። «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። «ማነው?» ሲሉት ስሙን አያስቀድምም፤ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ይባላል። ውሻው ይያዛል፤ በትሩን ይቀበሉታል፤ ከልጆቹ አንዱ ውሃ አሙቆ እግሩን ያጥበዋል። ከዚያ ያለው ይቀርባል፤ ሽሮም ይሁን ጎመን፣ ጠላ ካለም ጠላ። መደቡ ላይ ቁርበት ይነጠፍለታል። ሲነጋ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ገንዘብ ላውጣ ቢል ባለቤቱን እንደ መስደብ ነው።

የዚህን ንግግር ብልሃት ልብ ይሏል። ለማኙ በራሱ ስም አልለመነም፤ ሰጪውም በራሱ ስም አልሰጠም። በሁለቱ መካከል ውለታ የለም፤ ዕዳው ሁሉ በሌላ መዝገብ ተጽፏል። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ጦር የያዘ፣ ሌላው ሚስትና ልጆች ያሉት፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲያድሩ የሚያደርገው ይህ ስምምነት ነው። ደግነት እንዳለበት አልክድም። ፍርሃትም አለበት፤ ስሌትም አለበት፤ ዛሬ ያሳደረ ሰው ነገ ገበያ ሲሄድ ወይም ዳኛ ፍለጋ አገር ሲያቋርጥ በሌላ ሰው ደጅ ይቆማል።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ስምምነት የምታስታውስበት ቀን አላት፤ ሐምሌ 7፣ የሥላሴ በዓል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 እንደተጻፈው ሦስት መንገደኞች በቀትር ወደ አብርሃም ድንኳን መጡ፤ እሱ ሮጦ ተቀበላቸው፤ ጥጃ ታረደ፤ ሣራ ዱቄት ለወሰች። የእኛ አገር ተራኪዎች ግን ከዚያ በፊት የሆነ ነገር ይጨምራሉ። ሰይጣን ራሱን አቁስሎ መንገድ ዳር ይቆምና፣ አብርሃም ደግነቱን እንደተወ፣ እንግዳ መደብደብ እንደጀመረ ለአላፊ አግዳሚው ያወራል። መንገደኛው ሁሉ በሌላ በኩል ይዞራል። ያለ እንግዳ እህል የማይቀምሰው አብርሃም ሦስት ቀን ጾሙን ይሰነብታል። ይህን የጨመረው ሰው መንገድን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ የአንድን አገር ደጅ ለመዝጋት ሠራዊት አያስፈልግም፣ ወሬ ይበቃል። ወሩም የዋዛ አይደለም። ሐምሌ ወንዝ የሚሞላበት፣ መንገደኛ የሚቸገርበት፣ ያምናው እህል ከጎተራ የሚሟጠጥበት ወር ነው። የመቀበል በዓል የዋለው ለመቀበል በጣም በሚከብድበት ጊዜ ላይ ነው።

ከአብርሃም ይልቅ ግን ተራው ሰው የሚወደው የበላዔ ሰብእን ታሪክ ይመስለኛል። በተአምረ ማርያም እንደተነገረው ይህ ሰው 78 ነፍስ በልቷል፤ የዳነው ግን ውሃ ለጠማው ለምጻም በማርያም ስም በሰጠው ጥርኝ ውሃ ነው። የካቲት 16 ቀን የኪዳነ ምሕረት ዕለት ይህን ያልሰማ ምእመን የለም። ጥርኙ ውሃ ከነፍሶቹ የበለጠበትን ሚዛን ለሊቃውንት እተወዋለሁ። እኔን የሚያስደንቀኝ ታሪኩ በየደጁ የሠራው ሥራ ነው፤ ቁራሽ እንጀራ የምትሰጥ ሴት በሚዛን ላይ ምን እያስቀመጠች እንደሆነ ታውቃለች።

ወደ አክሱም ስንመለስ የመጀመሪያው የደጅ ታሪካችን በደም ይጀምራል። ሮማዊው ጸሐፊ ሩፊኖስ እንደተረከው በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጢሮስ የተነሳ መርከብ ውሃና ስንቅ ሊሞላ ወደ ባሕሩ ዳር ቀረበ። ከሮማውያን ጋር የነበረው ውል ፈርሶ ስለነበር የዳርቻው ሰዎች በመርከቡ የነበሩትን ሁሉ ገደሉ፤ የተረፉት ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ የተገኙ ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ። ለንጉሡ ተወሰዱ። ኤዴስዮስ የንጉሡ መጠጥ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስ ጸሐፊው። ይኸው ፍሬምናጦስ ኋላ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ጳጳስ ነው። ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የምንዘለው መርከቡን ነው።

እ.ኤ.አ. በ615 ግን ሌላ ዓይነት እንግዳ መጣ። በመካ መከራ የጸናባቸው የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ቀይ ባሕርን ተሻገሩ፤ በመጀመሪያው ጉዞ 11 ወንዶችና 4 ሴቶች፣ ቀጥሎ ከ80 በላይ ሰዎች። የመካዎቹ ቁረይሾች ዝም አላሉም። ዐምር ኢብን አልዓስንና አብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ለንጉሡ ለነጃሺ የሚሆን የቆዳ ስጦታ ጭነው ላኩ፤ ባለሟሎቹም እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ተቀበሉ። ባለሟሎቹ «ሰዎቹ ይሰጡ» ብለው መከሩ። ንጉሡ ግን ደጄን መርጠው የመጡትን ሳልሰማ አሳልፌ አልሰጥም ብለው ስደተኞቹን አስጠሩ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ቆሞ ተናገረ፤ ስለ ማርያም የሚናገረውንም የቁርኣን ክፍል አነበበ። ስጦታው ተመለሰ፤ ሰዎቹ ቀሩ። ጃዕፈር ወደ መዲና የሄደው ከአሥር ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ628 ነው። በትግራይ ከውቅሮ አጠገብ ያለችው ነጋሽ የዚያ ስደት መታሰቢያ ናት፤ መስጊዷ በትግራይ ጦርነት፣ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ፣ ተጎድቷል።

ይህን ታሪክ የምንጠቅሰው ለኩራት ነው፤ ይገባል። ነገር ግን የነጃሺ ደግነት እራት አልነበረም። እንግዳ ማብላት ለንጉሥ ቀላል ነው። ከባዱ እንግዳውን የሚፈልግ ሰው ስጦታ ይዞ ሲመጣ ነው።

የነገሥታቱ ደጅ ሌላም ጠባይ ነበረው፤ ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይከፈትም። ፖርቱጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልያ በአገሩ ንጉሥ ተልኮ በአፄ እስክንድር ዘመን ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1490ዎቹ መጀመሪያ፣ ገባ። ንጉሡ በክብር ተቀበሉት፤ ሊያሰናብቱት ቃል ሰጥተውት ሳለ ሞቱ። ከእሳቸው በኋላ የመጡት አልፈቀዱም። ርስት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ፤ መሄድ ብቻ ተከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1520 የሮድሪጎ ዴ ሊማ መልእክተኞች ሲመጡ እዚሁ አገኙት። እነሱም ለስድስት ዓመት ቆዩ።

የመልእክተኞቹ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጻፈው መጽሐፍ ለዚህ ጉዳይ ከማውቃቸው ምስክሮች ሁሉ ይሻለኛል፤ ማዕዱን ብቻ ሳይሆን ማዕዱ ከየት እንደመጣ ያሳያልና። የንጉሥ እንግዳ ባልደረባ ይመደብለታል፤ በየደረሰበት ድርጎ ይቆረጥለታል። እንጀራው፣ ማሩ፣ በጉ፣ ጠጁ በወረቀት ላይ የንጉሥ ስጦታ ነው። በተግባር ግን የሚወጣው ከመንገዱ ዳር መንደር ነው፤ ጓዙንም የሚሸከመው የዚያው መንደር ሰው ነው። በአንጎት ምድር መንደርተኛው እንግዶቹን በድንጋይ ተቀበላቸው። አልቫሬዝ በኋላ ያንን ቦታ ሲጠቅስ «የተወገርንበት» እያለ ነው። እንግዳ ተቀባዩ ሕዝብ እንግዳ ሲወግር ማለት ነው። እኔ ግን መንደርተኛውን አልፈርድበትም። «ይግቡ» ለማለት ነጻ ያልሆነ ሰው እንግዳ አልተቀበለም፤ ግብር ነው የከፈለ።

በዚያው ዘመን የእኛም ሰዎች በሰው ደጅ ቆመዋል። የአፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ ሊዝበን ደርሶ ዓመታት ያለ ሥራ ተጎለተ፤ የሃይማኖት ሊቃውንቱ እምነቱን ስለጠረጠሩት ቁርባን ከለከሉት። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ እምነት የጻፈውን ቃል ዳሚያኦ ዴ ጎይሽ እ.ኤ.አ. በ1540 ባያሳትምለት ኖሮ ድምፁም አይሰማም ነበር። ሮም ላይ ዕድላቸው የተሻለ ነበር። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ለሐበሻ ተሳላሚዎች ተሰጥቶ፣ ከግራኝ ጦርነት የሸሹት እነ አባ ተስፋ ጽዮን እዚያ ተቀምጠው እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ።

ከመቶ ዓመት በኋላ አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን አባርረው፣ ፈረንጅ እንዳይገባ ከምጽዋና ከሱአኪን የቱርክ ሹማምንት ጋር ተስማሙ። በሩ ተዘጋ። መንገደኛው ግን አልቆመም፤ የተዘጋው የቤተ መንግሥቱ በር እንጂ የገበሬው አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። በዚህ አገር ታሪክ በደግነት የተሠራ ትልቁ ተቋም ምንድን ነው ብባል የቆሎ ተማሪ ነው የምለው።

ልጁ ብዙ ጊዜ ከቤቱ የሚጠፋው በሌሊት ነው፤ ወላጆቹ ተከትለው እንዳይመልሱት ወንዝ ተሻግሮ፣ አገር አቋርጦ ይሄዳል። ደበሎ ይለብሳል፤ አኩፋዳ ያንጠለጥላል፤ በትር ይይዛል፣ ለውሻ። ከመምህሩ ቤት አጠገብ ጎጆውን ይቀልሳል። መምህሩ ክፍያ አይጠይቁም፤ ምግብም አይሰጡም፤ ከየት አምጥተው? ተማሪው ከትምህርቱ ሲወጣ ወደ መንደር ይወርዳል። በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ቁራሽ እንጀራ፣ ጭብጥ ቆሎ፣ አንዳንድ ቀን ምንም። የተረፈው ለክፉ ቀን ድርቆሽ ይሆናል። የባለጸጋ ልጅ ቢሆንም ይለምናል፤ ልመናው ራሱ የትምህርቱ ክፍል ነው።

እንዲህ እየኖረ ዜማውን ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕቱን ዙር አምባ፤ ቅኔውን ዋሸራ ይቀኛል፤ አቋቋሙን ጎንደር ይዘልቃል። አሥር ዓመት፣ አሥራ አምስት፣ ከዚያም በላይ። መንግሥት በጀት አልመደበለትም። ቤተ ክርስቲያኒቱ መሬት ቢኖራትም የተማሪ ቀለብ ብላ አልሰፈረችም። ድጓው፣ ቅኔው፣ የመጻሕፍቱ ትርጓሜ፣ ጸሐፊውና ዳኛው፣ ከዚያም የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ጋዜጠኞችና ደራስያን ብዙዎቹ፣ ያደጉት ስማቸውን እንኳ በማታውቅ ሴት እንጀራ ነው። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን አንደበት ተከትለው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ይህን ሕይወት ከውስጥ ያሳያል፤ ርሃቡንም፣ ሳቁንም።

ገበሬው ግን ተማሪ ይወድ ነበር ብላችሁ አታስቡ። ይሰለቸዋል። ይፈራዋልም፤ አስማት ያውቃል፣ ይረግማል ይባላል። ውሻውን ያልያዘ ባለቤት ብዙ ነው፤ ከየቅኔ ቤቱ የሚወራው የውሻ ታሪክ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይወጣዋል። ይህ ጉዳዩን አያሳንሰውም፤ ያጎላዋል። በፍቅር ላይ የቆመ ነገር ቢሆን ኖሮ መቶ ዓመት አይቆይም ነበር። ሰልችቶትም የሚሰጥ ሰው ነው ትምህርት ቤቱን ያቆመው።

በወሎም ደረሳው እንዲሁ ነበር። ከሸኽ ወደ ሸኽ እየተዘዋወረ ኪታብ የሚቀራው ተማሪ በመንደሩ ሰው ይቀለባል። ወደ ባሌ፣ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጓዙት ጋሪባዎች ጫፉ ባላ የሆነ በትራቸውን ይዘው፣ መንዙማ እያሉ ከቤት ቤት ያልፋሉ፤ የሚያስተናግዳቸው ሙስሊም ብቻ አይደለም። ደጅ የሚያንኳኳው በማርያም ስም ይሁን በሼክ ሁሴን፣ ከውስጥ ሆና ምጣዱን የምታሰማው ሴት ሥራ አንድ ነው።

ስለ እሷ ትንሽ ልቆይ። «ይግቡ» የሚለው ባል ነው፤ ምስጋናውም ለእሱ ነው። የውሃ ወፍጮ ወይም የሞተር ወፍጮ ባልነበረበት አገር ለአንድ ተጨማሪ እንግዳ እህሉ በእጅ ወፍጮ ይፈጫል፤ ጎንበስ ብሎ፣ በሌሊት። ሊጡ ዛሬ ተቦክቶ ዛሬ አይጋገርም፤ ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ ድንገት የመጣው እንግዳ የሚበላው የነገውን ነው። «እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ» የሚባለው ባልተጠበቀ ሰዓት ስለሚመጣ ነው፤ ያላሰበችውን ጎርፍ የምትገድበው እሷ ናት። ለእንግዳው ሲባል ሳትበላ የተኛችው ሴት ግን በየትኛውም የመንገደኛ መጽሐፍ ስም የላትም። እነዚህ ጸሐፊዎች የባለቤቱን ስም፣ የጠጁን ጥራት፣ የቁንጫውን ብዛት አንድም ሳያስቀሩ ጽፈዋል።

ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፍ እ.ኤ.አ. በ1842 ከአንኮበር ወጥቶ በወሎ ሲያልፍ የአካባቢው ሹም አደራ ቢሌ በመልካም ተቀበሉት። መንገድ ተዘግቶበት ሲመለስም ያንኑ ደጅ ያንኳኳል። በዚህኛው ግን አግተው ያለውን ሁሉ ዘረፉት። ባዶ እጁን ምጽዋ የደረሰው በየመንገዱ ባገኛቸው ድሆች ቸርነት ነው። ሁለቱንም የኢትዮጵያ ደጅ በአንድ ጉዞ አየ፤ ብዙ ያለው ነጠቀው፣ ትንሽ ያለው አጎረሰው።

የሹሙ ደጅ ከከፋም የሹሙ ወታደር በገበሬው ደጅ የባሰ ነበር። ደመወዝ የሌለው ወታደር ኑሮው በገበሬው ቤት ነው። ዘመቻ ሲያልፍ ወይም ሰፈር ሲመራ ወታደሩ ከነአሽከሩ ይገባል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ በግ ያሳርዳል፣ አንሶብኛል ብሎ ይቆጣል። ገበሬው ይህንንም «እንግዳ» ብሎ መቀበል ነበረበት። አፄ ቴዎድሮስ ወታደሩን በደመወዝ አሳድረው ከገበሬው ትከሻ ሊያወርዱ ሞከሩ፤ አልዘለቀላቸውም። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1892 ለወታደሩ ስንቅ የሚውል አሥራት ደንግገው ገበሬውን ከማሳደር ዕዳ ለማውጣት ሞከሩ። ድንጋጌው የመጣው ከክፉ ቀን በኋላ መሆኑ አጋጣሚ አይደለም።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የከብት እልቂት፣ ድርቅ፣ አንበጣና ኮሌራ ተከታትለው ወረዱ። በሬ ስላልተረፈ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለሰዉ አሳይተዋል። በዚያ ጊዜ የእግዜር እንግዳ ስምምነት ፈረሰ። ሁሉም መንገደኛ ሆነና ተቀባይ ጠፋ። ነገሩን ማሳመር አያስፈልግም፤ ደግነት የሚኖረው ጎተራው ሥር የቀረ እህል ሲኖር ነው። በ1966ም በ1977 ዓ.ም.ም ያ ታይቷል። ወደ ኮረም የተመመው ሕዝብ ገበሬ ጎረቤቱን አልፎ የመጣው ጎረቤቱ ክፉ ስለሆነ አልነበረም።

የሚከፈልበት ማደሪያ ወደ ከተማ የመጣው በዚሁ ትውልድ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ሰዉ ምግብ በገንዘብ መብላት ነውር ሆኖበት አልገባ አለ፤ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ገብተው በልተው ከፈሉ ይባላል። ታሪኩ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል፤ ነውሩ ግን እውነት ነው። ዛሬ በየአውቶብስ መናኸሪያው ዙሪያ «አልጋ አለ» የሚለውን ሰሌዳ ስናይ የመቶ ዓመት ዕድሜ ብቻ እንዳለው አይታሰበንም።

አዲሲቱ ከተማ በራሷ መንገድ እንግዳ ተቀብላለች። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከአርመኖች እልቂት የተረፉ 40 ወላጅ አልባ ልጆችን አገኙ፤ ለማሳደግ ተስማምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» ተባሉ። ለቤተ መንግሥቱ የነሐስ ሙዚቃ ባንድ ሆኑ። ይመራቸው የነበረው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለመጀመሪያው ብሔራዊ መዝሙር ዜማውን አወጣ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነበር። ሌሊት ሌሊትም በከተማዋ የተለየ እንግዳ ይመጣል፤ ላሊበላዎች። ጎህ ሳይቀድ ከአጥሩ ውጭ ቆመው የባለቤቱን ስም ጠርተው ያዜማሉ፣ ስሙን ከጎረቤት አጣርተው። ከሰጧቸው ይመርቃሉ፤ ካልሰጧቸው ዜማው ወደ ሽሙጥ ይዞራል። ካልዞሩ የቆዳ በሽታ ይይዛቸዋል የሚለውን እምነት አገሬው ሁሉ ያውቃል። ከእንቅልፉ ተነሥቶ የሚሰጣቸው ሰው እየመነመነ መጥቷል፤ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ አይሰሙም።

ጠላት አገሩን በያዘበት ዘመን ደጁ ሌላ ትርጉም ነበረው። ቀን የጣሊያን፣ ሌሊት የአርበኛ የሆነው ገበሬ ለአርበኛው እራት ያበላበት ቤት ይቃጠልበታል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ሰው ማስገባት በራሱ ሞት ነበር፤ አስገብተዋል ግን።

በኋላ መንግሥት ራሱ በእንግዳውና በአሳዳሪው መካከል ገባ። በደርግ ዘመን፣ ቀይ ሽብር በፋፋመበት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ቀበሌ ሳያውቅ ሰው ማሳደር የሚያስጠረጥር ነገር ሆነ። አሰሳ ሲመጣ ከቤተሰቡ ቁጥር የበለጠ ሰው መገኘቱ ብቻውን ጥያቄ ያስነሳል። ከክፍለ ሀገር የመጣ የአክስት ልጅ ምሽቱን የሚያሳልፈው በጭንቀት ነው። ለእኔ ይህ ከርሃቡ ቀጥሎ በዚህ ልማድ ላይ የደረሰ ትልቁ ጉዳት ነው። ርሃብ ያለፈ ቀን ይረሳል፤ ጥርጣሬ ግን ከበር አልፎ ወደ ሰው ይገባል። ዛሬ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ከሚታይባቸው የብረት በሮች ጀርባ የሚኖሩት የእነዚያ ሰዎች ልጆች ናቸው። ሌብነቱም እውነት ነው፤ በማርያም ስም የሚያታልልም ሞልቷል። የሰይጣን ወሬ ሁልጊዜ ውሸት ነው ማለት አይቻልም።

ሆኖም ልማዱ እየተሰደደ ሄዷል። ቤይሩት ውስጥ ከአሠሪዎቻቸው ቤት ጠፍተው የወጡ የቤት ሠራተኞች የሚጠለሉት ብዙ ጊዜ በጋራ በተከራዩዋት አንዲት ክፍል ውስጥ ባሉ እህቶቻቸው ዘንድ ነው፤ ሶፋም የለም፣ ፍራሽ ብቻ። ዋሽንግተን አካባቢ የሰነበተ ሀበሻ ሁሉ መጀመሪያ ያደረበትን የሰው ሳሎን ያስታውሳል። ላሊበላ ላይ ለገና ከሩቅ በእግር የመጡ ተሳላሚዎችን እግር የሚያጥቡ ነዋሪዎች ዛሬም አሉ።

ሕጉም ተሻሽሏል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኞች የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብት እንዲኖራቸው ፈቅዷል። በአገሪቱ የተመዘገቡት ስደተኞች ቁጥር ከ900 ሺህ ይበልጣል፤ አብዛኞቹ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያና ከኤርትራ የመጡ ናቸው። ከዚህ ጎን ለጎን ግን የራሳችን ሰው በራሱ አገር ተፈናቃይ ሆኖ በር ያንኳኳል። በ2010 ዓ.ም. ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር። በ2013 ዓ.ም. መቀሌና ሽሬ በተፈናቃይ ተሞሉ። ትምህርት ቤቶቹና ድንኳኖቹ በቴሌቪዥን ታይተዋል። ያልታየው ሌላው ወገን ነው፤ በዘመድ ቤት፣ በማያውቁት ሰው ቤት፣ በአንድ ክፍል አሥር ሆነው ያደሩት።

በእርዳታ መዝገብ ላይ ለተፈናቃዩ ዓምድ አለ፤ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የስንዴ ኪሎ። ለአሳዳሪው ዓምድ የለም። አሳዳሪዋ ስንዴ አይሰፈርላትም፣ ድንኳን አይተከልላትም፤ ያስጠለለቻቸው ሰዎች ግን የደረሳቸውን ስንዴ ተሸክመው ሲመለሱ ከእሷ ጎተራ ውስጥ ይደፉታል፤ ምጣዱ አንድ ነውና።